ከኤል አልቶ የወረደው ባቡር

ካሌታ ሎቦ፣ ግንቦት 1965

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የሚያምህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? ደቡቡ በዚህ ወር ዝናብ በዝናብ ነው ይላሉ፤ እርጥበቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃልና ወገብህን ሸፈን አድርገው። ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ የልጅ ልጆችህ ሁሉም ደህና ይሁኑልህ። እኔ አለሁ። ዐይኔ ደከም ቢልም በመርፌ ክር ለማስገባት ገና ሰው አልጠራም። ልጄ ኤርሲሊያም ደህና ናት፤ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አርባ ስምንት ልጅ ሰጥተዋት ድምፅዋ ተዘግቷል። ጉሙ እንደ ልማዱ ጠዋት ከባሕሩ ወጥቶ መስኮቱን አርጥቦ ረፋዱ ላይ ይመለሳል። ይኸው ነው አገሩ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው። ሰባት ቁጥሯን ባቡር ቀለም ቀብተው አደባባዩ ላይ ሊያቆሟት እንደሆነ፣ አንተንም በሕይወት ያለ አንጋፋ የባቡር ሰው ብለው የክብር እንግዳ እንዳደረጉህ፣ ሪባኑን የምትቆርጠው አንተ እንደሆንክ ጽፈሃል። «የኋላውን ክፍል አንጥፊልኝ፤ ኤርሲሊያ ያቺን የዓሣ ሾርባዋን ትሥራልኝ» ብለሃል። አንብቤ አጠፍኩትና የሻይ ቅጠሉ ጣሳ ሥር አስቀመጥኩት። በየቀኑ ጣሳውን ባነሣሁ ቁጥር አየዋለሁ። መልሱ እንዲህ የዘገየብህ ለዚህ ነው። ረጅም ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

ዶን ኤድሙንዶ የሚባለውን ሰውዬ ታውቀዋለህ፤ አንተም ጋ ደቡብ ድረስ መጥቶ እንዳነጋገረህ ነግሮኛል። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ የዚችን የእኛን ባቡር ታሪክ ይጽፋል። በመጋቢት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ሻይ ሰጠሁት፤ ረቂቁን አወጣና አነበበልኝ። ብዙው እውነት ነው። ከሐዲድ ሐዲድ ያለው ስፋት ሰባ ስድስት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ከወደቡ እስከ ሳንታ ኤውላሊያ የሳሊትሬ ማዕድን ሰማንያ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ የቁልቁለቱ ጥምዝ መቶ ዐሥራ ሁለት እንደሆነ ጽፏል። የትኛው እንግሊዝ እንደለካው፣ የትኛው አስተዳዳሪ መቼ እንደመጣና መቼ በመርከብ እንደሄደ አለ። አባታችን የለበትም። አባታችንና ስልሳ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ገደል በዶማና በባሩድ ሲፈለፍሉ አንድም ቀን ስማቸው አልተጻፈም። «መንገዱን የሠራው ኩባንያው ነው» ይላል መጽሐፉ። አባባ ግራ እግሩን አንዱ ሐዲድ ላይ፣ ቀኝ እግሩን ሌላው ላይ አንፈራጥጦ ይቆምና «ይቺ ባቡር አይደለችም፤ የፍየል መንገድ ናት» እያለ ያስቀን እንደነበር አንተም አትረሳውም። በዚያች በፍየል መንገድ ነው ያደግነው። ውሃው በሷ ይመጣል፤ ዱቄቱ በሷ፣ ቄሱ በሷ፣ ሙሽራዋ በሷ። ከላይ ለማዳበሪያና ለባሩድ የሚሆነውን ነጩን ጨው፣ ሳሊትሬውን፣ በጆንያ ጭና ትወርዳለች፤ ከታች የምንበላውን ጭና ትወጣለች። አንድ ሳምንት ብትቀር በረሃው ሁላችንንም ያደርቀን ነበር።

ባልዶሜሮንም ያገኘሁት በሷው ነው። ያኔ ምድጃ የሚያነድ ነበር፤ ፊቱ ሁሉ ጥላሸት፣ ነጭ የነበረው ጥርሱ ብቻ። ነጂ ሲሆን አገባሁት። ጨጓራውን ስለሚያመው አረቄ ከንፈሩን አይነካም ነበር፤ ጓደኞቹ በየመጠጥ ቤቱ «ለእመቤቲቱ ሻይዋን አምጡላት!» እያሉ ይስቁበት ነበር። ይህን የማያውቅ በካሌታ ሎቦ አልነበረም። አንተም በሰርጋችን ላይ ብርጭቆህን አንሥተህ «እህቴን የሰጠኋት ለሻይ ጠጪ ነው፤ ቢያንስ ስኳር አታጣም» ብለህ ሰዉን አስቀሃል።

እናም ዶን ኤድሙንዶ እያነበበ እያነበበ ነሐሴ 1931 ላይ ደረሰ። እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ቀን ባቡር ነጂው ሰክሮ፣ ከቁልቁለቱ አናት ካለው ከኤል አልቶ ጣቢያ ያለ ፈቃድ በመነሣቱ ባቡሩ ቁልቁለቱ ላይ አምልጦት ተገለበጠ። ነጂውና ሁለት ፍሬን ያዦች ሞቱ።» ይህን አንብቦ ቀና ሲል ፊቴን አየና ደነገጠ። የማን ሚስት እንደሆንኩ የነገረው ሰው አልነበረም።

«ባሌ አይጠጣም ነበር» አልኩት።

«አዝናለሁ ዶኛ። ግን ሰነድ አለ» አለኝ።

«ሰነዱ አብሮት ተሳፍሮ ነበር ወይ?» አልኩት። ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ያን ቀን አንተ ከምታውቀው ይልቅ እኔ የማውቀውን ልንገርህ፤ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅምና። ኤርሲሊያን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከቁልቁለቱ ሥር ካለው የኩባንያው ቤት ደጅ ልብስ እሰጣ ነበር። ቀትር ነው። ፉጨቱን ሰማሁ። ባልዶሜሮ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ጥምዝ ላይ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ያፏጭልኝ ነበር፤ ምሳውን አቅርቢ ማለቱ ነው። ያን ቀን ግን ፉጨቱ አንዴ ተጀመረና አልቆመም። ታች መሻገሪያው ላይ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ነበር፤ ሽሹ እያላቸው ነው። ሁሉም ሸሹ። አንዲትም ሴት አልሞተችም። ፉጨቱ የቆመው «መነኩሲቷ» በሚሉት ጥምዝ ላይ ነው፤ ከዚያ አቧራው እንደ ደመና ተነሣ። እጄ ላይ የነበረው ሸሚዝ የሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንተ መጣህ። ክንድህ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረህ፣ ዐይንህ ቀልቶ። አቀፍከኝ፤ ከኔ ይልቅ አንተ አለቀስክ። መርማሪዎቹ ሰክሮ ነው ብለው እንደጻፉ የነገርከኝ አንተ ነህ። «ውሸት ነው፣ እከሳለሁ» ስልህ እጄን ይዘህ «እህቴ፣ ተይው። አንዴ ተጽፏል። ከኩባንያ ጋር ግብግብ ገጥመሽ የት ትደርሻለሽ? ሆድሽን እዪ» አልከኝ። ማን እንዲህ ብሎ መሰከረበት ብዬ ጠየቅኩህ። «እኔ ያን ቀን ወደብ ነበርኩ፤ አላውቅም» አልክ። በስምንተኛው ቀን ከቤቱ ውጪ ሲሉኝ አልጋዬን በትከሻህ ተሸክመህ እስከ ወደቡ ድረስ የወሰድክልኝ አንተ ነህ። አልጋውን አውርደህ ላብህን ስትጠርግ፣ እኔ ሞኟ፣ እጅህን ስሜ አመሰገንኩህ። ያንን ከንፈሬን ዛሬ ድረስ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በከፊል ታውቃለህ። አንተ ከቴሌግራፈኛነት ተነሥተህ የወደቡ ጣቢያ ኃላፊ ሆንክ፤ በዓመቱ ወደ ደቡብ ትልቁ ባቡር መሥሪያ ቤት አዛወሩህ። እኔ የመርከበኞችን ልብስ አጠብኩ። ያላወቅከው ደግሞ አለ። የሟቹ ፍሬን ያዥ የካሲሚሮ ሚስት ዶሚቲላ ከኔ ሁለት ቤት አልፋ ትኖር ነበር። በባሏ ቀብር ላይ በሰው ሁሉ ፊት እግሬ ሥር ተፋችና «የአንቺ ሰካራም የልጆቼን አባት በላ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ የውሃ ቧንቧ ስንጠቀም ኖርን፤ ባልዲዬን ካየች ፊቷን ታዞራለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት! ልጇ በሳንባ ሲሞትባት ሄጄ ደጇ ላይ ቆምኩ፤ በሩን ዘጋችብኝ። ፈረድኩባት? አልፈረድኩባትም። የተነገራትን ነው ያመነችው። ዐምና ሞተች፤ እውነቱን ሳትሰማ ሞተች። እኔም «ባልሽን የገደለው የኔ ባል አይደለም» ብዬ የምነግራት ሰው አጣሁ።

ኤርሲሊያ ደግሞ በስምንት ዓመቷ የወለቀ የፊት ጥርሷን በእጇ ይዛ መጣች። «የሰካራሙ ልጅ» ካላት ልጅ ጋር ተደባድባ ነው። ደሙን እየተፋች «እማማ፣ አባዬ ሰካራም ነበር?» አለችኝ። «አልነበረም» አልኳት። «ታዲያ ለምን እንደዚህ ይላሉ?» አለች። ምን ልበላት?  አንተ በየፋሲካው ጫማ ላክህላት፤ መምህራን ማሠልጠኛ ያስገባሃትም አንተ ነህ። ይህንን አልክድም። እግዜር ይስጥህ ብያለሁ፤ ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ያኔ ለምን እንደምታደርገው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ዶን ኤድሙንዶ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ሲስቶ መጣ። ሲስቶን አትረሳውም፤ ከሦስቱ ፍሬን ያዦች የተረፈው፣ አንድ እግሩ የተቆረጠው። እሱ ዝም እስካለ ድረስ ኩባንያው በጥበቃ ሥራ ይዞት ኖሯል፤ አሁን ሐዲዱን ነቅለው በብረት ነጋዴ መኪና እየጫኑ ሲያወርዱት እሱንም አብረው አወረዱት። ሐዲዱን ለአጥር ቋሚ ይሸጡታል፤ ሥሩ የነበረውን እንጨት ዳቦ ጋጋሪዎቹ ያነዱታል። ሲስቶ በእንጨት እግሩ ደረጃዬን እያንኳኳ ወጣና ተቀመጠ።

«ዶኛ፣ ሰውዬው መጽሐፍ ይጽፋል አሉኝ» አለ።

«ይጽፋል» አልኩት።

«እንግዲያው ሳልሞት አንድ ነገር ልናገር። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሥራዬን እንዳይወስዱብኝ ነው። አሁን ምን ይወስዱብኛል? እግሬን እንደሆነ ወስደውታል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም።

የነገረኝን እንደ ነገረኝ እጽፍልሃለሁ። ያን ቀን ኤል አልቶ ሲደርሱ ዐሥራ ስምንት ፉርጎ ሳሊትሬ ጭነዋል። ቁልቁለቱን ለመውረድ የየፉርጎውን ፍሬን በእጁ የሚያጠብቅ ስድስት ፍሬን ያዥ ያስፈልጋል፤ ሕጉም እንደዚያ ነበር። ጀርመኖቹ ሳሊትሬውን ከአየር መሥራት ጀምረው የኛው ገበያ ወድቆ ስለነበር ኩባንያው ሰው ቀንሷል፤ ሦስት ሰው ብቻ መደበላቸው። ባልዶሜሮ ከባቡሩ ወረደ፤ ጓንቱን አወለቀና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ስድስት ሰው ካልመጣልኝ አልወርድም። ለዐሥራ ስምንት ፉርጎ ሦስት ሰው? እናንተ ይቺን ቁልቁለት የቤተ ክርስቲያን ደረጃ አደረጋችኋት?» አለ። ተረኛው ቴሌግራፈኛ ወደብ ያለውን እንግሊዝ አስተዳዳሪ በቴሌግራፍ ጠየቀ። መልሱ መጣ፦ መርከቧ እየጠበቀች ነው፣ አሁኑኑ ውረዱ። ባልዶሜሮ «በአፍ አይሆንም፤ ጽፈህ ስጠኝ» አለው። ቴሌግራፈኛው ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሰጠው። ባልዶሜሮ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና «በል እንግዲህ፣ አማቼ፣ እራት ላይ እንገናኝ» ብሎት ወጣ።

ሲስቶ እዚህ ሲደርስ መሬት መሬት እያየ «ዶኛ፣ ተረኛው ማን እንደነበር ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። አላውቅም ነበር፤ «አማቼ» የሚለው ቃል ከሲስቶ አፍ እስኪወጣ ድረስ አላውቅም ነበር። ሻይ ልቅዳልህ ብዬ ተነሣሁና ምድጃው አጠገብ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ መሰለኝ፤ «ዶኛ፣ ውሃው ፈልቶ አለቀ እኮ» አለኝ።

አላበቃም። እሱ ከተገለበጠው ፉርጎ ሥር ጆንያ ተጭኖት ተኝቶ ሳለ፣ ሐኪሙም ሳይደርስ፣ አንድ ሰው በእጅ በምትገፋዋ ጋሪ ሐዲዱን ይዞ ከላይ ወረደ። መጀመሪያ ወደ ባልዶሜሮ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ደረት ኪሱን ዳሰሰ፤ ወረቀቱን አወጣና ቀድዶ ለነፋሱ ሰጠው። ከዚያ ወደ ሲስቶ መጣና ራሱን ደግፎ ከኮዳው ውሃ አጠጣው። «ውሃም ሰጠኝ» አለኝ ሲስቶ፤ ለፍትሕ ያህል መናገር ያለበት ስለመሰለው። 

ወንድሜ፣ ከአንድ እናት ሆድ ወጥተን እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። እጅህን ኪሱ ውስጥ ስትከት ይተነፍስ ነበር ወይ? ሌላውን ሁሉ በራሴ ደርሼበታለሁ። እንግሊዙ አስፈራርቶህ ይሆናል። ልጆችህ ትንንሾች ነበሩ። ሥራ የሚባል ነገር በረሃው ላይ አልነበረም፤ ሰዉ በየቀኑ ጓዙን ተሸክሞ ይወርድ ነበር። ይህን ሁሉ ለአንተ ሆኜ አስቤልሃለሁ፤ ጠበቃ ሆኜልሃለሁ። ያንን አንዱን ግን አስቤም አልጨርሰው። መልሱን እንዳትጽፍልኝ። ይተነፍስ ነበር ካልከኝ መኖር አልችልም፤ አይተነፍስም ነበር ካልከኝ አላምንህም።

ሲስቶን ይዤ ወደ ውል አዋዋዩ ሄድኩ። ቃሉን ሰጠ፤ በአውራ ጣቱ አተመ። ዶን ኤድሙንዶን አስጠርቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «ሰነድ አልክ፤ ይኸውልህ» አልኩት። ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ እርሳሱን አውጥቶ ያንን ዓረፍተ ነገር በፊቴ ሰረዘው። አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ ባቡሩ ከሚያስፈልገው ፍሬን ያዥ እኩሌታውን ብቻ ይዞ በኩባንያው ትእዛዝ ወረደ፤ ነጂው እስከ መጨረሻው ቦታውን ሳይለቅ በፉጨቱ መሻገሪያው ላይ የነበሩትን አዳነ። ባቡሯ አጠገብ በሚቆመው እምነ በረድ ላይም የባልዶሜሮ፣ የካሲሚሮና የዚያ የሌላኛው ሟች ስም ይቀረጻል። ዶሚቲላ ትየው አልልም፤ ሙት አያይም።

ዶን ኤድሙንዶ ግን አንድ ነገር ቀረው። ከኩባንያው ቢሮ ያገኘውን፣ ነጂው ሰክሮ ነበር የሚለውን የድሮውን የምስክርነት ቃል አወጣ። ስም የለበትም፤ «ተረኛ ቴሌግራፈኛ» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማ። «ይሄ ሰው ማን ነበር ዶኛ? ሲስቶ ስሙን አልናገርም አለኝ» ብሎ ጠየቀኝ። ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ስምህ ምላሴ ላይ ነበር፤ የአባቴ ስም የሚከተለው ስምህ። «ሞቷል» አልኩት። ጻፈው። ወረቀቱን ለኔ ትቶልኝ ሄደ።

የኤርሲሊያን ነገር ሳልነግርህ አልጨርስም። በበዓሉ ላይ ታሪኩን የምታነበው እሷ ናት፤ ከንቲባው መርጧታል። እናም ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትእዛዙን፣ ሲስቶን፣ ኪሱን። የሰውዬውን ማንነት ብቻ አስቀረሁ። አለቀሰች፤ ግን የደስታም ነበረበት። «አባዬ አይጠጣም ነበር!» አለች፤ በዚህ ዕድሜዋ እንደ ልጅ። ከዚያ የምስክሩን ወረቀት ልየው አለችኝ። ልከለክላት አልቻልኩም፤ ስም እንደሌለበት አውቃለሁና ሰጠኋት። መስኮቱ አጠገብ ወስዳ አየችው። ታውቃለህ፣ የተማሪ ደብተር ስታርም ቶሎ ቶሎ ነው የምታየው። ይህችን አንድ ገጽ ግን እስክደነግጥ ድረስ አየቻት።

«ይሄ ሰው ሲፈርም ወረቀት አይበቃውም» አለች።

«ሞቷል እኮ» አልኳት።

«መቼ?» አለችኝ፤ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር።

«ቆይቷል።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና ክፍሏ ገባች። ጥቂት ቆይታ ወጥታ ምድጃውን ለኮሰች፤ ዳቦው ግን ጠዋት ተጋግሯል፤ የሚበስል ነገር አልነበረም። ለምን እንደምታነድ አልጠየቅኋትም። በዚያ ገጹን በሚሞላ ፊርማህ የሚያልቀውን፣ ካንተ የሚመጣላትን ደብዳቤ ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታኖርበትን ያንን የብስኩት ቆርቆሮ በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ቁልፍና መርፌ አድርጋበታለች።

ስለዚህ አትምጣ። አመመኝ በላቸው፤ ጉልበትህ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሪባኑን ሲስቶ ይቆርጠዋል፤ አንድ እግር ለመቀስ አያንስም። የኋላውን ክፍል አላነጠፍኩም። ደብዳቤውን ስጀምር ኤርሲሊያን ለአጎትሽ ምን ልበልልሽ ብያት ነበር፤ ደብተሯን ከማረም ቀና ሳትል «ለማን?» አለችኝ።

በል እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅህ። ዕድሜም ይስጥህ፤ ከኔ አልፈህ ያን ቀን እስክታስበው ድረስ ይስጥህ። ልጆችህ ደጅህን ይሙሉልህ፤ ስምህንም በክፉ የሚያነሣ አይግጠማቸው፤ በበኩሌ ከአፌ አይወጣም። የእናታችንን መቃብር በየወሩ እጠርግልሃለሁ፤ ለሁለታችንም ሻማ አበራለሁ።

አልጋዋን ተሸክመህ ያወጣሃት፣

እህትህ